ግቢ ውስጥ ጤነኛ የነበረው ፍሬን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሴቻ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለምሳ የሚሆን የሽፈራው ቅጠል እቀነጥስ ነበር። ከግቢው ጥግ አንድ ድምፅ መጣ። ፍስ ይልና ዝም ይላል፤ ቆይቶ እንደገና ፍስ ይላል። ሌላ ሰው ቢሰማው ምንም የማይመስለው ድምፅ ነው። እኔ ግን ቅጠሉን ጥዬ ተነሣሁ።

ልጄ ሊዲያ በቅርቡ ከሰው እጅ በገዛቻት መኪና ውስጥ በሩን ከፍታ ተቀምጣለች። ስልኳን መሪው ላይ አስደግፋ የፍሬኑን ፔዳል ትረግጣለች። ስልኩ ውስጥ አንድ ፈጣን አንደበት ያለው ሰው ፍሬን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚፈተሽ ያስረዳል። ሞተሩን አጥፉ፣ ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ከዚያ ጫን ብላችሁ ያዙት፣ ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር እየሰጠመ ከሄደ ችግር አለ ይላል። እሷም የተባለችውን ታደርጋለች። በሚመጣው ሳምንት ገረሴ ወጥታ አክስቷን ማርታን ልታመጣ ነው፤ የማርታ የበኩር ልጅ ሳሙኤል እዚህ ከተማ ያገባል።

"ምንም የለባትም እማ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ነው" አለችኝ።

"ግቢ ውስጥ ነዋ" አልኳት።

ሳቀች። እኛ ቤት የእኔ ስጋት የታወቀ መሳቂያ ነው። ሰማዩ ሳይጠቁር ልብስ ከገመድ ላይ የማወርድ፣ ሰው መንገድ ከወጣ ደረስኩ ብሎ እስኪደውል ድረስ ሥራ የማይያዝልኝ ሴት ነኝ። ልጆቼ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ተፈጥሮዬ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የጀመረኝን ቀን አውቀዋለሁ፤ የጀመረኝም ከፔዳል ነው።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። አባቴን ሰው ሁሉ ጋሽ ሻንቆ ይለዋል። ከጫሞ ሐይቅ ዳር ከአጥማጆች ዓሣ ተረክቦ ከተማ የሚያደርስባት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ዓሣ በማይገኝበት ቀን ሙዝ ይጭንባታል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ወደ ገረሴ ጨውና ሳሙና ያወጣል፣ ድንችና ቆጮ ያወርዳል። የዚያች መኪና ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዓሣው፣ ቆጮው፣ ናፍጣው ተደባልቆ መቀመጫው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በእሷ ተሳፍሬ ትምህርት ቤት የደረስኩ ቀን ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ትንሽ ፈቀቅ ትል ነበር። አባቴ አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛ ሲናገር መኪናዋን አንዴ "እሱ" አንዴ "እሷ" ይላታል። ሲቆጣት "እሱ"፣ ሲኮራባት "እሷ" ናት እያልን እንስቅበት ነበር።

ኩራቱ ደግሞ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ፎሌ ላይ። ያኔ በእኛ በኩል የሚነዱ ሹፌሮች ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ማርሹን አውጥተው በፎሌ ይለቁታል። ሞተሩ ያንጎላጃል፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይንደረደራል፣ ናፍጣ ይተርፋል። የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። አባቴ ከገረሴ አፋፍ እስከ ሜዳው ድረስ ጠብታ ናፍጣ ሳልጨርስ እወርዳለሁ እያለ ያወራ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ በቤተ ክርስቲያን ከፊት ከሚቀመጡት አንዱ ነው። ስለ ፎሌ ሲነሣ ግን ትሕትናው ሁሉ ይጠፋ ነበር።

ታላቅ እህቴ ማርታ ገረሴ ለሚያስተምር ሰው ተድራ በዚያው ክረምት ሳሙኤልን ወለደች። አራስ ከወለደችበት ቤት ቶሎ አትነሣም። የባሏ ቤተሰብ ቅቤና ቡላ እያበላ ያከርማታል፤ ጠንከር ስትል የወለዷት ሰዎች ሄደው ከነልጇ ወደ እናቷ ቤት ያወርዷታል። እናቴ ያን ቀን ስትጠብቅ ክረምቱን ሙሉ ስታጥብና ስታጥን ከርማለች። የልጅ ልጇን አላየችውም፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ወደ ደጋው መውጣት አትችልም። አንድ ዘመዳችን ማርታን በአውቶቡስ ብታመጧት ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ አባቴ ተቀየመው። መኪና ያለው ሰው አራስ ልጁን በሰው መኪና አያስመጣም አለ።

ቀኑን ለመቁረጥ እኔና እሱ በገበያ ቀን ወጣን። ገረሴ ጭጋግ ነበር፤ ሰው ከሰው የሚተያየው አጠገብ ለአጠገብ ሲደርስ ነው። የማርታ አማት ትኩስ ቆጮ ባይብና በዳጣ አቀረቡልን። ሳሙኤልን ታቀፍኩት። ጭንቅላቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ጣቴን ይዞ አለቅም አለኝ። ማርታ ወፍራለች፣ ፊቷ በርቷል፤ እማን ናፈቅኩ እያለች ሁለት ጊዜ አለቀሰች። የሚመጣው ሐሙስ እንዲሆን ተስማማን፣ አባቴ ጸለየ፣ ድንች ጭነን ተነሣን።

ከአፋፉ ስንወርድ ጭጋጉ ከበላያችን ቀረ። ታች አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ አመድማ ሆኖ ይታያል። አባቴ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ለቀቃት። ደስ ብሎት ነበር፤ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ ኩርባ ሲመጣ ይረግጣል፣ ቀጥ ሲል ይለቃል። ትንሽ እንደወረድን የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ነገርኩት። ገበሬ ቆሻሻ እያቃጠለ ይሆናል አለኝ። ክረምት ላይ፣ እንዲያ በረጠበ ምድር፣ ማን ምን እንደሚያቃጥል አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ኩርባው መጣ። በስተግራ ገደል፣ በስተቀኝ የተቆረጠ የአፈር ግንብ ያለበት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጉልበቱን ነው። ሲረግጥ ጉልበቱ ሁልጊዜ ትንሽ ታጥፎ ይቀር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እግሩ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ። ደግሞ ረገጠ፤ ደግሞ ተዘረጋ። መዝሙሩ ቆመ። ማርሹን በግድ ሲያስገባው ሞተሩ ጮኸ፤ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መሪውን ወደ ግንቡ ጠመዘዘው። መኪናዋ አፈሩን እየፋቀች ሄዳ ሄዳ ቆመች።

ከኋላ አንድ ጆንያ ተቀዶ ድንቹ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። እየተንከባለለ ወደ ገደሉ ሲወርድ አየሁት። ሲያርፍ ድምፁን እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ባቆም ምንም አልሰማሁም።

አባቴ የእጅ ፍሬኑን እንደተሳበ ትቶ በሩን ከፈተ። ከዚያ ወርደን የተረፈውን ድንች ለቀምን። ጎማዎቹን ዞሮ አየ፣ ከሥሯ ተኝቶ አየ፤ የፈሰሰ ዘይት የለም፣ የተበጠሰ ነገር የለም። ተመልሶ ገብቶ ፔዳሉን ቢረግጠው ጠንክሯል። ልክ እንደ ድሮው ሆኗል። ደጋግሞ ረገጠው፤ ደጋግሞ ጠነከረለት።

"ትንሽ ለስልሶ ነው" አለኝ። "ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ሐሙስ ደርሷል፤ ልቧ ይቆማል።"

የቀረውን መንገድ በዝግታ ወረድን። እኔ እስከ ቤት ድረስ ጉልበቱን ብቻ ነበር የማየው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ ልብሱን ቀይሮ ጠራኝ። ነይ እንፈትሸውና ይውጣልሽ አለኝ። መኪናውን ራሱ ነበር የሚጠግነው፤ ጋራዥ የሚሄደው ሲቸግረው ብቻ ነው። የሹፌሩ ቦታ ላይ አስቀመጠኝና አስተማረኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ርገጪው አለኝ። እንደ ስፖንጅ እየሟሸሸ ከወረደ አየር ገብቶበታል። ጠንክሮ ቆይቶ ቀስ እያለ ከእግርሽ ሥር ከሰጠመ ዘይቱ በሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። አንዴ ሲረግጡት ወርዶ ሲደጋግሙት ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ጎማውን የሚይዘው ሸራ አልቋል። ረገጥኩ። አልሟሸሸም። ጫን ብዬ ያዝኩ፤ አልሰጠመም። እያንዳንዱ ጎማ ሥር ካርቶን አነጠፍን፤ በማግስቱ ካርቶኖቹ ደረቅ ነበሩ። ኮፈኑን ከፍተን የዘይት መያዣውን አየን፤ ሙሉ ነው። ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ ሸራዎቹን አሳየኝ፤ ገና ናቸው።

"አየሽ፣ እሷ ጤነኛ ናት" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የባሰ የፈራሁት። አንድ የተበላሸ ነገር ቢገኝ እንዴት በወደድኩ። የተበጠሰ ይቀጠላል፣ ያለቀ ይቀየራል። ምንም ያልተገኘበት ነገር ምኑ ይጠገናል? በዚያ ኩርባ ላይ የሆነውን ሁለታችንም አይተናል፤ ግቢ ውስጥ ደግሞ ምንም የለም። ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን ድንቹ ይንከባለልብኛል። ከዚያ ድንቹ ሳሙኤል ይሆንብኛል። እናቴ አሞሻል እንዴ ብላ ግንባሬን በእጇ ትዳስሳለች፤ ውጤቱ ነው የሚያስጨንቀኝ እላታለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ፈተና መፈተኔንም ረስቼው ነበር።

ለአባቴ ቁርጤን ነገርኩት። እስከ ረቡዕ ካላገኘነው ለእማ እነግራታለሁ አልኩት። ተቆጣ። ከኔ በላይ መኪና አወቅሽ ወይ አለኝ። አላወቅኩም፣ ግን እህቴና ልጇ እዚያ መኪና ላይ ሊወጡ ነው አልኩት። ተነሥቶ ወደ ጫሞ ሄደ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ፍስ፣ ዝም፣ ፍስ። በመስኮት ባይ አባቴ መኪናው ውስጥ በድንግዝግዙ ብቻውን ተቀምጧል። አንገቱን ደፍቶ ይረግጣል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ጸሎት የሚያደርግ ይመስል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጤነኛ ናት ያለኝ ሰው ማንም ሳያየው በየጠዋቱ ይህን ሲያደርግ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ወጥቼ ላነጋግረው አሰብኩና ተውኩት። የሚፈራ አባት አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንዳየሁት እንዲያውቅ አልፈለግኩም።

መፍትሔው የመጣው ከእናቴ መጥበሻ ነው። ማክሰኞ ምሳ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ትጠብሳለች። ችኩል ስለነበረች የመጀመሪያዎቹን ዓሦች ዘይቱ ሳይግል ጨመረቻቸው፤ ውኃቸው እየተንጠባጠበ ዝም ብለው ዘይቱ ውስጥ ተኙ። እሳቱ ሲበረታ ግን ያ ዝም ያለው ዘይት ይንጣጣና ይፈላ ጀመር፤ እናቴ ወደ ኋላ ዘለለች። ዓሣውን ሳላደርቀው፣ ውኃና ዘይት አብረው ሲግሉ እንዲህ ነው እያለች ታጉረመርማለች።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ነበር። እኛ ግቢ ውስጥ ስንፈትሽ የከረምነው ቀዝቃዛ ፍሬን ነው። የሚቃጠለው ነገር የሸተተኝ ደግሞ ኩርባው ጋ ከመድረሳችን በፊት ነው።

አባቴ ሲመጣ ዓሣውን ሳያወርድ ያዝኩት። የፍሬን ዘይቱን ከየት ነው የምታመጣው አልኩት። ያኔ የፍሬን ዘይት በእሽግ መግዛት የተለመደ አልነበረም፤ ሱቅ ውስጥ የተከፈተ ቆርቆሮ ይቀመጣል፣ ፈላጊው ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል፣ በብርጭቆ እየተለካ ይቀዳለታል። የአባቴ ጠርሙስ ያለው ጫሞ ዳር፣ ዓሣው በሚታጠብበት ዳስ ውስጥ፣ ከእርጥብ መረቦች በላይ መደርደሪያ ላይ ነው። ክዳኑ ድሮ ጠፍቷል። የተወተፈው በበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። እንፋሎቱ ሲገባበት ክረምትና በጋ ተፈራርቆበታል፤ አባቴ ከዚያ እየቀዳ መያዣው ጎደል ባለ ቁጥር ይሞላበት ነበር።

ዘይቱ ውኃ ጠጥቷል፣ ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፣ አረፋውም እንደ አየር ፔዳሉን ያወርደዋል ብዬ ስነግረው አልሳቀብኝም። ተመልሶ ሄዶ ጠርሙሱን አመጣ፤ በመንገዱ ደግሞ ሱቁን ሁሉ አዳርሶ አንድ ያልተከፈተ ቆርቆሮ አገኘ። ቀጥሎ ያደረግነውን ዛሬ ማንም እንዲሞክረው አልመክርም፤ ሽታው ብቻ ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይነሣል። የእናቴን የከሰል ምድጃ ወደ ግቢው አውጥተን በሁለት ባዶ የቲማቲም ጣሳ ከሁለቱም ዘይት ጥቂት ጥቂት አድርገን ጣድን። ከአዲሱ ቆርቆሮ የተቀዳው ዝም አለ። የጠርሙሱ ቶሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ከሥሩ አረፋ እያወጣ ፈላ። አባቴ ጣሳዎቹን አውርዶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ሲቀዘቅዝ አረፋው ጠፋ፤ ዘይቱ እንደ ነበረው ሆነ። ምንም ያልሆነ ይመስላል።

እናቴ ብቅ ብላ ምድጃዬን ምን እያደረጋችሁት ነው አለች። አባቴ ሳይንስ ነው አላት። እኔ ሳቄ መጥቶ አፌን ያዝኩ፤ ብዙ ቀን ከርሜ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ዘይቱን ሁሉ ለመቀየር ረቡዕ ተነሣን። ይህ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከመኪናው ሥር ተኝቶ በየጎማው ያለችውን ትንሽ ቡለን ይፈታል፤ አሮጌው ዘይትና አየሩ በዚያ ይወጣል። የሚረግጠው ሰው ቡለኗ እስክትጠብቅ ድረስ እግሩን ማንሣት የለበትም፤ ካነሣ አየር ተመልሶ ይገባል። አባቴ ከታች ገባ፣ እኔ የሹፌሩ ቦታ ተቀመጥኩ።

"ርገጪ" አለኝ። ረገጥኩ፤ ጠንካራ ነው። "ያዢ፣ እንዳትለቂ።"

ቡለኗን ሲፈታት ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ከዳኝ። የቆምኩበት መሬት የተናደ ያህል ወለሉ ድረስ ወረደ፣ ጉልበቴ ተዘረጋ። መኪናዋ ቆማለች፤ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አለ፤ ገደል የለም፣ ኩርባ የለም፤ የእናቴ ዶሮዎች ከፊቴ ይጭራሉ። እኔ ግን ጮህኩ።

"ምን ሆንሽ?" አለኝ ከሥር።

"ወለሉ ድረስ ወረደ።"

ፊቱ አይታየኝም፤ እግሮቹ ብቻ ናቸው ከመኪናው ሥር ወጥተው የሚታዩኝ።

"ያን ቀንም እንደዚያ ነው የወረደብኝ" አለ። "ለስልሶ አልነበረም፤ ጭራሽ ፍሬን አልነበረም። አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። ይዘሻል?"

"ይዣለሁ" አልኩት። እንባዬ መሪው ላይ ይንጠባጠባል፤ እግሬን ግን አላነሣሁም።

ከየጎማው የወጣው ዘይት የደፈረሰ ሻይ ይመስል ነበር። ጥርት ያለው እስኪወርድ ድረስ፣ ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ ስንባባል ዋልን። ሲጨርስ ወጥቶ ጀርባውን እያራገፈ ዘይቱ ብቻ አይደለም አለኝ። እስኪፈላ ያጋለው ማን ነው? ፎሌ ነው፤ ፎሌ ደግሞ እኔ ነኝ አለ።

ሐሙስ እኔም ከአባቴ ጋር ወደ ገረሴ ወጣሁ። ማርታን መሐል፣ እኔን በበሩ በኩል አስቀመጠን፤ አማቷና የባሏ ዘመዶች ከኋላ ከነስጦታቸው ተጫኑ። አፋፉ ላይ ሲደርስ አባቴ በትንሹ ማርሽ አስገብቶ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሞተሩ ያጓራል፤ መኪናዋ ትሳባለች። ገበያ የሚወርዱ እግረኞች ይቀድሙን ነበር። ከኋላ ያሉት ይስቃሉ፤ አንዱ ጋሽ ሻንቆ ወርደን እንግፋው ወይ አለ። ማርታ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ አባ አሞታል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ደኅና ነው አልኳት። ያ ሁሉ ኩራት ያለው ሰው ሜዳማ ቦታ ባገኘ ቁጥር ይቆማል፣ ወርዶ በእጁ መዳፍ ቸርኬዎቹን ይዳስሳል፣ እንደገና ይነዳል።

ያ ኩርባ ሲመጣ ግንቡ ላይ የፋቅነው ምልክት እንዳለ ነበር። የማርታን ክንድ በኃይል ጨብጬ ኖሮ አመመኝ አለችኝ። ሳሙኤል ተኝቷል። አባቴ ረገጠ። ጉልበቱን አየሁ፤ ታጥፎ ቀረ። መኪናዋ ኩርባው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ መቆም ሳያስፈልጋት ለፈተና ብሎ ነው ያቆማት። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና ቀጠለ። ያም ሆኖ ሜዳው እስክንደርስ ዓይኔን ከጉልበቱ ላይ አላነሣሁም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሳሙኤልን ተቀብላ አለቅም አለች። ምግብ ቀረበ፤ ዓሣ ጥብስ፣ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ቁርቁፋ፣ ለማርታ የቡላ ገንፎ። አባቴ ሊጸልይ ተነሣ፣ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ስለ ልጁ አመሰገነ፣ ስለ ማርታ አመሰገነ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ኩርባ ፍሬን በጠፋብኝ ጊዜ ከልጄ ጋር ወደ ገደል ልሄድ ስል በግንቡ ላይ ስላስቆምከን አመሰግንሃለሁ አለ። ለሚስቴም ያልነገርኩት ስለፈራሁ ነው ጌታ ሆይ አለ።

አባቴ ለሰው የማይነግረውን ነገር በጸሎት ላይ ግን መደበቅ የማይችል ሰው ነበር። ዓይኔን ትንሽ ገልጬ ባይ እናቴ የእሷን ሙሉ ለሙሉ ገልጣ ሳሙኤልን ደረቷ ላይ አጥብቃ አፍጥጣ ታየዋለች። አሜን ሲል ሁሉም አሜን አለ፤ እሷ ብቻ ቀረች። ሰው ሁሉ ይጠብቃታል፤ ገንፎው ይቀዘቅዛል።

"አሜን" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ "ሻንቆ፣ ከእንግዲህ ስትፈራ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ ለጌታ እኔ እነግርልሃለሁ" አለችው።

አባቴ ካለፈ ቆይቷል፤ እናቴም ተከትላዋለች። ያን ቃሏን ግን እስከ መጨረሻው ጠብቆላታል። ካረጀ በኋላ እንኳ ደረቱን ሲወጋው፣ ሌሊት ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው እሷን ነበር። በፎሌም ዳግመኛ አልወረደም።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ለሊዲያ ነገርኳት። የስልኩ ሰውዬ ቀድሞ ትምህርቱን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። የፍሬን ዘይቷን መቼ ነው የቀየርሽው ብላት ከገዛኋት ጀምሮ አልነካሁትም፣ የቀድሞው ባለቤትም ስለ ዘይት የነገረኝ ነገር የለም አለችኝ። ስትስቅብኝ የነበረችው ልጅ አልሳቀችም። ፔዳሉን አንዴ ረገጠችውና እግሯን አነሣች።

"እውነቱን ልንገርሽ እማ?" አለችኝ። "እኔም መንገዱን ፈርቼው ነው በጠዋት ተነሥቼ የምረግጠው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

የአባቴ የልጅ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ አየሁት። ሰው የሚወደውን ላለማስጨነቅ ብሎ ስንቱን ፍርሃት ብቻውን ሲረግጥ ያድራል። እኔ ራሴ ስጋታም ተብዬ ሲሳቅብኝ የኖረው ሌሎቹ የሚደብቁትን ጮክ ብዬ ስለምናገር ብቻ እንደሆነ አሁን አሁን ይገባኛል። አልተቆጣኋትም።

ከሰዓት በኋላ የታሸገ ዘይት ገዝታ መጣች። ቱታ ለበሰች፣ ካርቶን አንጥፋ ከመኪናው ሥር ገባች። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ የሹፌሩ ቦታ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ዛሬ የእናቴ ጉልበት ሆኗል፤ ሲታጠፍ ያመኛል።

"ርገጪ እማ" አለችኝ ከሥር። ረገጥኩ። ቡለኗን ስትፈታት ፔዳሉ ያኔ እንደወረደው ወረደ፤ ልቤም አብሮት ወረደ።

"ፈራሽ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "አንቺስ?"

"እኔም" አለች። "ይዘሻል?"

"ይዣለሁ።"